አንድን መልእክት «አይፈለጌ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? የኅትመት ግብዣዎች በአንባቢ ዓይን

1. መግቢያ

የመመረቂያ ጥናቱን አጠናቅቆ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያሳተመ ተማሪ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኢሜይል ሳጥኑ በግብዣ ተሞልቶ ያገኘዋል። ግብዣዎቹ በአመዛኙ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ገና ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘውን ወጣት «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለው ይጠሩታል፤ ሥራውን በታላቅ አድናቆት እንዳነበቡለት ይነግሩታል፤ የጽሑፉን ርእስ ግን እንደ ወረደ ገልብጠው በዐረፍተ ነገሩ መካከል ይሰነቅሩታል። የአፈር ለምነትን ያጠናውን ሰው ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና እንዲጽፍ ይጋብዙታል። ጽሑፉን በአምስት ቀን ውስጥ ቢልክ በሳምንቱ እንደሚታተምለትም ያበስሩታል።

ብዙው አንባቢ እንዲህ ያለውን መልእክት ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ያጠፋዋል። ለምን እንዳጠፋው ቢጠየቅ ግን «ያስታውቃል» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ መስጠት ይቸግረዋል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ተማሪ በዚሁ «ማስታወቅ» ተማምኖ ከወጥመድ ያመልጣል፤ ሌላው በዚያው ተማምኖ የዓመታት ድካሙን ማንም በማይጠቅሰው ቦታ ይቀብራል፤ ሦስተኛው ደግሞ መልኩ ስላላማረው ብቻ ሐቀኛውን ጆርናል ይንቃል።

ይህ አጭር ጽሑፍ የኅትመት ግብዣዎችን እንደ ማሳያ በመውሰድ አንድ መልእክት በአንባቢ ዘንድ «አይፈለጌ» የሚሆንበትን ምክንያት ይመረምራል። መከራከሪያው የሚከተለው ነው፦ አንባቢን የሚያስቆጣው የቋንቋ ግድፈት ወይም የመልክ መበላሸት ሳይሆን፣ ላኪው ተቀባዩን ሳያነብ እንዲነበብ መጠየቁ ነው። የቋንቋና የመልክ ምልክቶች የዚህ ጥላዎች ናቸው፤ በጥላው ብቻ መፍረድ ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ያሳስታል።

2. የቃሉ አመጣጥና የችግሩ ባሕርይ

በአማርኛ «አይፈለጌ መልእክት» የምንለው በእንግሊዝኛ «ስፓም» ይባላል። ስፓም እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ የታሸገ ሥጋ የንግድ ስም ነው። ቃሉ ወደ መልእክት ዓለም የተሻገረው «ሞንቲ ፓይተን» የተሰኘው የብሪታንያ የቀልድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1970 ካቀረበው አጭር ጭውውት ነው። በጭውውቱ ውስጥ አንዲት ምግብ ቤት የምታቀርበው ምግብ ሁሉ ማለት ይቻላል ስፓም አለበት፤ ቃሉ እየተደጋገመ በመጨረሻ የሰዎቹን ንግግር ይውጠዋል። ስያሜው ስለ ነገሩ ባሕርይ ብዙ ይነግረናል። ስፓም የተባለው ነገር ሐሰት ወይም ጎጂ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ማንም ሳይጠይቀው በየቦታው እየገባ የሌላውን ድምፅ ስለሚያፍን ነው።

በታሪክ የመጀመሪያው የሚባለው ያልተጠየቀ የንግድ ኢሜይል የተላከው እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1978 ነው። ጋሪ ቱርክ የተባለ የአንድ ኮምፒዩተር አምራች ኩባንያ የገበያ ሠራተኛ የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው «አርፓኔት» አማካይነት 400 ለሚጠጉ ሰዎች የአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ማስተዋወቂያ ላከ። በመልእክቱ ውስጥ ውሸት አልነበረም፤ ሆኖም የተቀባዮቹ ምላሽ በአብዛኛው ተቃውሞ ነበር።

ሁለተኛው ታሪካዊ ክስተት ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ባዕድ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1994 በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት ይሠሩ የነበሩ ሁለት ጠበቆች፣ ሎረንስ ካንተርና ማርታ ሲግል፣ ከ5 ሺህ በሚበልጡ የኮምፒዩተር የውይይት መድረኮች ላይ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በተኑ። ማስታወቂያው እኛ «ዲቪ» ብለን ስለምናውቀው የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ነበር፤ ጠበቆቹ ዕጣውን ለሚሞሉ ሰዎች በክፍያ እናግዛለን ይሉ ነበር። ዕጣው እውነተኛ ነበር። ለአንዳንዱ አንባቢ መረጃው ጠቃሚ ሊሆንም ይችል ነበር። ያም ሆኖ ስለ ሥነ ፈለክም ሆነ ስለ ሙዚቃ የሚወያየው ሁሉ ያንኑ ማስታወቂያ ደጋግሞ ሲያገኝ የተሰማው ቁጣ ክስተቱን እስከ ዛሬ የስፓም ታሪክ መነሻ አድርጎታል።

ከሁለቱም ክስተቶች የምንማረው አንድ ነው። የአይፈለጌነት መለኪያ በመጀመሪያ ደረጃ የይዘት እውነትነት አይደለም፤ የወጪ ክፍፍል ነው። ለላኪው አንድ ሺህኛውን መልእክት መላክ ከመጀመሪያው አይከብደውም። የማንበብ፣ የመመዘንና የመጣል ድካም በሙሉ የሚወድቀው በተቀባዩ ላይ ነው። አንባቢ ይህ መዛባት ሲሰማው መልእክቱን ይጠላዋል።

3. አንባቢ ምን አይቶ ይጠረጥራል?

ፈላስፋው ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመ ዝነኛ ጽሑፉ፣ ሰዎች ሲነጋገሩ በዝምታ የሚስማሙበት የትብብር መርሕ እንዳለ አስረድቷል። መርሑን በአራት ዘርፍ ከፍሎታል፦ ተናጋሪው የሚያስፈልገውን ያህል እንዲናገር፣ እውነት ነው ብሎ የሚያምነውን እንዲናገር፣ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኘውን እንዲናገር፣ በግልጽም እንዲናገር ይጠበቃል። ግራይስ የጻፈው ስለ ጭውውት ቢሆንም፣ መርሑ አንባቢ ከአንድ መልእክት የሚጠብቀውንም በሚገባ ያብራራል። በመግቢያው የተጠቀሰው ዓይነት ግብዣ አራቱንም ይጥሳል።

የመጀመሪያው ጥሰት በመጠን ላይ ነው። ደብዳቤው በውዳሴ ይረዝማል፤ ወሳኙ ነገር፣ ማለትም የኅትመት ክፍያው፣ ግን አይጠቀስም ወይም መጨረሻ ላይ በደቃቅ ፊደል ይቀመጣል። አንባቢ ማወቅ የሚገባው ሲጎድልና ማወቅ የማያስፈልገው ሲበዛ አንድ ነገር እየተሸፈነ መሆኑን ይገምታል።

ሁለተኛው ጥሰት በእውነትነት ላይ ነው። የሳይንስ ጽሑፍ በባለሙያ አቻዎች ተገምግሞ ለመውጣት ዘወትር ወራት ይፈጃል፤ ገምጋሚ መፈለግ፣ ማንበብ፣ አስተያየት መጻፍና ማረም ሁሉ ጊዜ ይወስዳሉ። «በጥብቅ የአቻ ግምገማ በሰባት ቀን እናትማለን» የሚል ተስፋ የሁለቱን ቃላት ትርጉም የሚያውቅ ሰው አብሮ ሊያስኬደው አይችልም።

ሦስተኛው የአግባብነት ጥሰት ከሁሉም ይከብዳል። የአፈር ተመራማሪን ለቀዶ ሕክምና ጆርናል መጋበዝ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የቀረበው ውዳሴ በሙሉ ባዶ መሆኑን የሚያጋልጥ ማስረጃ ነው። ሥራውን አንብቦ ያደነቀ ሰው የሥራውን መስክ ሊስት አይችልምና።

አራተኛው የግልጽነት ጉድለት ነው። ማን እንደ ጻፈው፣ ከየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ተቋም ኃላፊነት እንደ ተላከ አይታወቅም። ፈራሚው «የአርታዒ ክፍል» ነው፤ መልስ ቢጻፍለት ማን እንደሚያነበው አይነገርም።

በእኛ ቋንቋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምልክት አለ። አማርኛ ተናጋሪው የተናገረለትን ሰው ማንነት ሳያውቅ አፉን መክፈት ያዳግተዋል፤ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» ለማለት ዕድሜውን፣ ማዕረጉንና ቅርበቱን አስቀድሞ መመዘን አለበት። ስለዚህ ከማዕረጉ በላይ የተጠራ ሰው ክብር አይሰማውም፤ የተናገረው ሰው እንደማያውቀው ወዲያው ይረዳል። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል፤ አንባቢ የሚፈርደው በተነገረው ብቻ ሳይሆን በተነገረበት መንገድ ነው።

እነዚህን ምልክቶች የሚያስተሳስር አንድ ቀላል ፈተና ማቅረብ ይቻላል። የተቀባዩ ስም ወጥቶ የሌላ ሰው ስም ቢገባ በደብዳቤው ውስጥ ሌላ የሚለወጥ ነገር ይኖራልን? ምንም የማይለወጥ ከሆነ ደብዳቤው ለማንም የተጻፈ አይደለም። አንባቢ «ያስታውቃል» ሲል ሳያውቀው ያደረገው ፈተና ይኸው ነው።

4. የላይ ምልክቶች የሚያሳስቱበት ሁኔታ

የላይ ምልክቶች ከንቱ አይደሉም። ላሪሳ ሻምሲርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት አጥማጅ ናቸው ተብለው የተገመቱ 93 የባዮሜዲካል ጆርናሎችን ከ99 ክፍትና ከ100 በደንበኝነት ከሚሸጡ ጆርናሎች ጋር አነጻጽረዋል። አጥማጅ ከተባሉት መካከል 66 በመቶ ያህሉ በመግቢያ ገጻቸው ላይ የፊደል ግድፈት ተገኝቶባቸዋል፤ ከክፍት ጆርናሎቹ ግን 6 በመቶው ብቻ ናቸው። የኅትመት ክፍያቸው መካከለኛ መጠንም 100 የአሜሪካ ዶላር ሲሆን የክፍት ጆርናሎቹ 1,865 ዶላር ነበር። እንግዲህ ግድፈትና ርካሽነት ከአጥማጅነት ጋር የሚታይ ዝምድና አላቸው።

ሆኖም ዝምድና ማስረጃ አይደለም። በላይ ምልክት ብቻ የሚፈርድ አንባቢ በሁለት አቅጣጫ ይሳሳታል።

አንደኛው ስሕተት ሐቀኛውን መጣል ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ባልሆነባቸው አገሮች የሚዘጋጁ ጆርናሎች አነስተኛ በጀት፣ ያረጀ የገጽ ንድፍና አልፎ አልፎ የሚታይ የቋንቋ ግድፈት ይኖራቸዋል። ክፍያቸው አነስተኛ የሚሆነውም ተቋማቸው ስለሚደጉማቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናልና በ1963 የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ዓለም አቀፍ አሳታሚዎች ባላቸው ገንዘብ አልተደራጁም፤ ምሁራዊ ቁምነገራቸውን ግን የገጽ ንድፍ አይለካውም። «እንግሊዝኛው ደካማ ነው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ስለዚህ አጭበርባሪ ነው» የሚል አንባቢ ድህነትን ከማታለል ጋር ይቀላቅላል።

ይህ ቅይጥ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ከአንድ ታዋቂ ሙከራ መረዳት ይቻላል። ጆን ቦሃነን እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣው ዘገባ፣ ሆን ተብሎ በከባድ ስሕተት የተሞላ የካንሰር መድኃኒት ጥናት ለ304 ክፍት ጆርናሎች መላኩን ገልጿል። የሐሰት ደራሲዎቹን አፍሪካዊ የሚመስል ስም ሰጣቸው፤ አንደኛው ደራሲ አስመራ ውስጥ ይገኛል በተባለ፣ ነገር ግን ፈጽሞ በሌለ የሕክምና ተቋም የሚሠራ ሆኖ ቀረበ። እንግሊዝኛውም የባዕድ ሰው ጽሑፍ እንዲመስል በኮምፒዩተር ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ከጆርናሎቹ 157ቱ ጥናቱን ተቀበሉ፤ 98ቱ አልተቀበሉትም። የሙከራው ዋና ትምህርት የግምገማው መላላት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ግን ሌላም ነገር ያሳያል፦ የእኛ አካባቢ ስምና ጎርበጥ ያለ እንግሊዝኛ በዓለም አቀፉ የኅትመት መድረክ ምን ዓይነት ሰው ያሳስባሉ ተብሎ እንደሚታሰብ ያመለክታል። በላይ ምልክት መፍረድ ነገ በራሳችን ላይ የሚመለስ ፍርድ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ያጌጠውን አታላይ ማመን ነው። ቢ. ጄ. ፎግና ባልደረቦቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባካሄዱት ጥናት ከ2 ሺህ 600 የሚበልጡ ሰዎች የድረ ገጾችን ተአማኒነት እንዲመዝኑ ተደርጎ ነበር። ከሰጧቸው አስተያየቶች 46 በመቶ ያህሉ የገጹን መልክና ንድፍ የሚመለከቱ ነበሩ። የመረጃውን ምንጭ ከመመርመር ይልቅ ማማሩን መመልከት ይቀናናል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሁሉም ሰው ተደራሽ የሆኑት የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች እንከን የለሽ ዐረፍተ ነገርን ከሞላ ጎደል ያለ ዋጋ ያቀርባሉ። በፊደል ግድፈት አጥማጁን የሚለይ አንባቢ ዋና መሣሪያውን አጥቷል።

ከዚህም በላይ፣ ምልክቱ ግልጽ መሆኑ ራሱ የላኪው ምርጫ ሊሆን ይችላል። ኮርማክ ኸርሊ እ.ኤ.አ. በ2012 ባቀረበው ጥናት፣ የኢሜይል አጭበርባሪዎች ማንም የሚያውቀውን ያረጀ ተረት ለምን እንደሚደጋግሙ ጠይቆ ነበር። መልሱ ከወጪ ጋር ይያያዛል። መልእክት መላክ ርካሽ ነው፤ መልስ ከሰጠው ሰው ጋር መደራደር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ተጠራጣሪው ገና በመጀመሪያው መስመር ራሱን እንዲያገልልና የቀረው እጅግ የዋሁ ብቻ እንዲሆን ማድረግ ለአጭበርባሪው ይጠቅመዋል። ይህን የተረዳ አንባቢ ተራውን ወጥመድ ስለ ለየ ብቻ ራሱን ጠንቃቃ አድርጎ አይቆጥርም፤ ያ ወጥመድ መጀመሪያውኑ ለእርሱ አልተዘጋጀም።

5. ለማስመሰል የሚከብዱ ምልክቶች

ታዲያ አንባቢ በምን ይለይ? የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 የሥራ ገበያን ሲያጠና ያቀረበው ሐሳብ መንገዱን ያሳያል። አንድ ምልክት መረጃ የሚሰጠው ለማስመሰል የሚሻ ሰው ከእውነተኛው የበለጠ ዋጋ የሚያስከፍለው ከሆነ ብቻ ነው። ያማረ ገጽ፣ የተዋበ አርማ፣ «ዓለም አቀፍ» የሚል ስም ሁሉም በርካሽ ይገዛሉ። በርካሽ የማይገዛው ማንበብ ነው።

ሁለት የታወቁ ክስተቶች ይህን ያረጋግጣሉ። የመጀመሪያው ከስፓም ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ሁለት አሜሪካውያን የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁራን፣ ዴቪድ ማዚዬርና ኤዲ ኮለር፣ እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የብስጭት «ጥናት» አዘጋጅተው ነበር፤ ይዘቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኢሜይል አትላኩብኝ የሚል አንድ የስድብ ዐረፍተ ነገር መደጋገም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ሰልችቶት ይህንኑ ጽሑፍ ላሰለቸው ጆርናል ላከው። ጆርናሉ ጥናቱን በጥሩ ግምገማ ተቀብሎ 150 ዶላር ክፍያ ጠየቀ።

ሁለተኛው ክስተት እ.ኤ.አ. በ2017 «ኔቸር» ላይ የወጣው የፖላንድ ተመራማሪዎች ሙከራ ነው። በፖላንድ ቋንቋ «አጭበርባሪ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ለአንዲት የሌለች ምሁር ሰጥተው፣ ለአርታዒነት የማይበቃ የሕይወት ታሪኳን ለ360 ጆርናሎች ላኩ። 48ቱ አርታዒ አድርገው ተቀበሏት። ከእነዚህ ውስጥ 40ዎቹ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጄፍሪ ቢል አጥማጅ ናቸው ብሎ ከመዘገባቸው፣ 8ቱ የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ከሚባለው መዝገብ ነበሩ። ኢምፓክት ፋክተር ከሚሰጣቸው ጆርናሎች የተቀበላት አልነበረም።

ሁለቱ ክስተቶች የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፦ ሳያነብ የሚጋብዝ ሳያነብ ይቀበላል። በግብዣው ደብዳቤ ላይ የሚታየው ግዴለሽነት በግምገማው ላይ የሚደርሰው ግዴለሽነት ቅድመ ምልክት ነው። ከ10 አገሮች የተውጣጡ ምሁራንና አሳታሚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በተስማሙበት ትርጓሜ ውስጥም፣ ከሐሰተኛ መረጃና ከግልጽነት ጉድለት ጎን ለጎን፣ ተቀባዩን ሳይለዩ በጅምላ መጋበዝ የአጥማጅ አሳታሚዎች መታወቂያ ሆኖ ተቀምጧል።

ስለዚህ ተመራማሪው መመርመር ያለበት ጆርናሉ ስለ ራሱ የሚናገረውን ሳይሆን ያነበበ ሰው የሚተዋቸውን ዱካዎች ነው። የታተሙትን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ሁለት ሦስቱን ማንበብ፣ ከመስኩ ጋር መዛመዳቸውን ማየት፣ የአርታዒያን ቦርድ አባል ሆኖ የተጠቀሰ አንድ ምሁር በራሱ የዩኒቨርሲቲ ገጽ ላይ አባልነቱን ገልጾ እንደሆነ ማጣራት፣ ቀደም ብሎ ያሳተመ ባልደረባ የደረሰውን የገምጋሚዎች አስተያየት እንዲያሳይ መጠየቅ ይጠቅማሉ። ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 ሙያተኛ መረጃ አጣሪዎችንና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን አወዳድረዋል። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ በቀረበላቸው ገጽ ውስጥ ቆይተው ከላይ ወደ ታች ሲያነቡ፣ አጣሪዎቹ ወዲያው ከገጹ ወጥተው ሌሎች ስለ ምንጩ የሚሉትን ፈለጉ፤ ባጠረ ጊዜም የተሻለ ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ከፍተኛ ትምህርት ብቻውን ከመታለል እንደማያድን ይህ ለድኅረ ምረቃ አንባቢ ተገቢ ማሳሰቢያ ነው።

6. ለሐቀኛው ላኪ

እስካሁን የተባለው ለተቀባዩ ነው። ነገር ግን አብዛኞቻችን አንድ ቀን ላኪ እንሆናለን፤ የመጠይቅ ተሳታፊ እንፈልጋለን፣ ገምጋሚ እንጋብዛለን፣ ለዐውደ ጥናት ጽሑፍ እንጠይቃለን፣ አማካሪ ሊሆነን ለሚችል የውጭ አገር ምሁር ደብዳቤ እንጽፋለን። በጅምላ ግብዣ የተሰላቸ አንባቢ የእኛንም ደብዳቤ በዚያው ዓይን ያየዋል።

መድኃኒቱ ከሕመሙ ምክንያት ይገኛል። ችግሩ የወጪ መዛባት ከሆነ ላኪው የራሱን ድካም አስቀድሞ ማሳየት አለበት። ከተቀባዩ ሥራ አንድ የተወሰነ ነጥብ ጠቅሶ ለምን ለእርሱ እንደጻፈ በአንድ ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ከአሥር መስመር ውዳሴ ይበልጣል። ማዕረጉን አጣርቶ መጥራት፣ የሚጠየቀውን ጊዜና ክፍያ ካለም መጠኑን በመጀመሪያው አንቀጽ መግለጽ፣ ሙሉ ስምና ተቋምን አስቀምጦ መፈረም፣ «አይመቸኝም» ለማለት ቀላል መንገድ መተው ሐቀኛውን ደብዳቤ ይለዩታል። ለዩኒቨርሲቲዎቻችን ጆርናሎችም ይኸው ይሠራል። ገንዘብ የሚጠይቀውን ውበት ማግኘት ባይችሉ እንኳ ገንዘብ የማይጠይቀውን፣ ማለትም የአርታዒያኑን ማንነት፣ የግምገማውን ሂደት፣ ጽሑፉ የቀረበበትንና ተቀባይነት ያገኘበትን ቀን፣ የክፍያውን ልክ በግልጽ ማሳወቅ ይችላሉ።

7. ማጠቃለያ

አንድ መልእክት አይፈለጌ የሚሆነው አንባቢው ላኪው ያልከፈለውን ድካም እንዲከፍል ስለሚጠይቅ ነው። የተጋነነ ውዳሴ፣ የተሳተ መስክ፣ የማይሆን ፍጥነትና የተሸሸገ ማንነት ይህንኑ ያሳብቃሉ። የቋንቋ ግድፈትና የመልክ ድህነት ግን የተለየ ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ እነርሱን እንደ ፍርድ የሚወስድ አንባቢ የራሱን አገር ሐቀኛ ኅትመት ንቆ ያጌጠውን አታላይ ሊቀበል ይችላል። ግብዣ የደረሰው ተመራማሪ «ይህ ደብዳቤ ያምራል ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «ይህን የጻፈው ሰው አንብቦኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ ጥናቱን ካስረከበ በኋላ የሚያነብለት ሰው መኖር አለመኖሩንም አስቀድሞ ይነግረዋል።